በአቡጀዲ የተጠለለ ቡና

አራት ሆነን ቆመን ነበር። ልጄ ማድቤቱ በር ላይ፣ ልትሄድ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች። የጎረቤቴ ልጅ ግቢው መሃል፣ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ፣ የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ። ጎረቤቴ በእሷና በእኔ ግቢ መካከል ባለችው ትንሽ የቆርቆሮ በር ላይ፣ አንድ እግሯ በእኔ በኩል፣ አንድ እግሯ በእሷ በኩል። እኔ ማድቤት ውስጥ፣ ምድጃው ፊት። በቀኝ እጄ የፈላ ውሃ ያለበት ማንቆርቆሪያ፣ በግራ እጄ ደግሞ ስኒ አፍ ላይ ያስቀመጥኩትን የአቡጀዲ ከረጢት ይዣለሁ። ከረጢቱ ውስጥ ቡና አለ። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል።

ለጎረቤቴ ቡና ትቻለሁ ብያት ነበር።

መጀመሪያ ስኒውን አየች፣ ቀጥላ እኔን። «ለካ አልተውሽም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ «ቅዳሜ ና ውሰደኝ» አለችውና በመጣችበት ተመለሰች። በሩን ከወዲያ በኩል ስትሸጉረው ሰማሁ። ያቺ በር መሸጎሪያ እንዳላት ራሱ ረስቼው ነበር።

ልጇ እኔ ዘንድ የመጣው ይህንኑ ሊለምነኝ ነው። እናቱ ሰፈሩን ትታ አያት በሚባለው ሰፈር፣ እሱ ቤት እንድትኖር አግባቡልኝ ሊለኝ። ልመናውን ሳይጨርስ ጉዳዩ አለቀለት። ነገር ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር። «እማማ፣ ተጣልታችኋል እንዴ?» አለኝ። አልተጣላንም አልኩት። እውነቴን ነው፤ እንዲያ ብሎ መመለስ ግን ምንም አያስረዳም።

እኔና ጎረቤቴ ኮልፌ ውስጥ አጥር ለአጥር መኖር የጀመርነው ልጆቻችን ጡት ሳይጥሉ ነው። የእሷ ወላጆች ከጉራጌ አገር የመጡ ናቸው፤ እሷ ገበያ ውስጥ ቅቤና ቅመም ስትሸጥ ኖራለች። የእኔ ወላጆች ከጎጃም ናቸው፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ሠራሁ። ትንሿን በር የከፈቱት ባሎቻችን ናቸው። ለቡና በአስፋልቱ እየዞርን ስንመላለስ አይተው፣ አንድ እሑድ ቆርቆሮውን ቆርጠው ማጠፊያ ገጠሙለት። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም።

ቡናው በተራ ነው። አንድ ቀን እኔ ቤት፣ አንድ ቀን እሷ ቤት። ድሮ ሌሎችም ነበሩ። አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ከልጆቻቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ በመጨረሻ ሁለታችን ቀረን። እሷ ቡናዋን በጨው ትጠጣለች፣ እኔ በስኳር። እኔ ለእሷ ጨው አስቀምጣለሁ፣ እሷ ለእኔ ስኳር ታስቀምጣለች። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። እንዲህ ሆኖ ተስማምቶን ኖረናል።

ከክረምቱ በፊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው፤ የደም ግፊቴን ለካና በቀን ስንት ስኒ እንደምጠጣ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ከእንግዲህ አንድ ስኒ፣ እሱም ጠዋት ብቻ፣ አለኝ።

አንዷን ጠጥቶ መነሳት ነው እንጂ ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። እንደኛ ተቀምጦ ያላየ ነው እንዲህ የሚለው። አቦልን ጠጥቶ የሚነሳ ሰው ወይ ለቅሶ ተጠርቷል፣ ወይ ተቀይሟል። ቶና ሲቀዳ እጅን ስኒው ላይ ከድኖ መቀመጥም አለ፤ ግን እሱ ለእንግዳ ነው። በየቀኑ ሲሆን ምክንያቱን መናገር ግድ ይሆናል። ምክንያቱን ለጎረቤቴ መናገር ደግሞ ለሰፈሩ መናገር ነው። ክፋት የለባትም፤ ትወደኛለች። ስለምትወደኝም ለአትክልት ሻጯ ትነግራለች፣ ለወፍጮ ቤቱ ትነግራለች፣ በማግስቱ አንዷ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዷ ፌጦ ይዛ በሬን ታንኳኳለች። እኔ ስለ ሰውነቴ ሲወራ አልወድም። ስለዚህ ቡና ትቻለሁ አልኳት፤ ለእንቅልፌ ብዬ። «እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ፣ ሰው የሞተብኝ ይመስል። ከዚያ ወዲህ የቡና ተራችንም ቀረ።

ቡና ግን አልተውኩም። የተፈቀደችልኝን አንዷን ስኒ በጓዳዬ ልጠጣ ነው ያሰብኩት። ያን ጊዜ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ለአንድ ሰው ብቻ ቡና አፍልቼ እንደማላውቅ የተረዳሁት። ጀበናችን ለቤተሰብ የተሠራ ነው። ለአንድ ስኒ የሚሆን ውሃ ሲጨመርበት ከሆዱ ሥር ጥቂት ይንቦጫረቃል፣ ይቃጠላል፣ ሲቀዳ ከአተላው ጋር ይወርዳል። ገበያ ወርጄ ትንሽ ጀበና ገዛሁ፤ ለጌጥ የሚቀመጥ ዓይነት ነው። ቡናው በደንብ ይፈላል፤ እንዲጠል አጋድሜ ሳስቀምጠው ግን አተላው ሳይሰክን ይቀዘቅዛል። ሙቅ ከፈለግኩ አተላ እጠጣለሁ፣ ጥሩ ከፈለግኩ ቀዝቃዛ እጠጣለሁ።

ልጄ ዘነበወርቅ ነው የምትኖረው። በታክሲ ቅርብ ስለሆነ ሳታስበው ትመጣለች። ችግሬን ስትሰማ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጠርሙስ ዱቄት ይዛ መጣች፤ ሙቅ ውሃ ላይ ጣል ሲያደርጉት ወዲያው የሚሟሟውን።

«እማዬ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለችኝ።

ቀመስኩት። መጥፎ ነው አላልኩም። ለሚቸኩል ሰው ይሆናል፣ እኔ የምቸኩልበት ቦታ የለኝም አልኳት። ጠርሙሱን ስትሄድ መልሳ ወሰደችው፤ የእሷ ባል ይጠጣዋል።

ቀጥላ ያመጣችው የጣሊያኖቹን ትንሽዬ የብረት ማፍያ ነው፤ ታችኛውና ላይኛው ተጠማዞ የሚገጥመውን። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ዛሬም ድረስ አልጠላውም። ቡናውን በማንኪያ ጀርባ ጠቅጥቄ ስሞላው አኮረፈና በጎኑ ገንፍሎ ምድጃዬን አበላሸ። ሳይጠቀጠቅ፣ እንዲያው ደልደል ተደርጎ፣ እሳቱ ቀንሶ፣ ማጉረምረም ሲጀምር ወዲያው ከወረደ ወፍራም ቡና ይሰጣል። ችግሩ ጉልበቱ ነው። አንድ ስኒ ተብሎ የሦስት ስኒ ሥራ ይሠራል፤ ያን ጠዋት ልቤ ሲመታ ጆሮዬ ድረስ ተሰማኝ። ሐኪሙ የቆጠረልኝ ስኒውን እንጂ ጉልበቱን አልነበረም፤ እኔ ግን ገባኝ።

በሻይ ማጥለያም ሞከርኩ። በትንሽ ብረት ድስት ውሃ አፍልቼ፣ ከእሳት አውርጄ፣ አንድ ሙሉ ማንኪያ ቡና ጨምሬ፣ በስኒ ማስቀመጫ ከድኜ እተወዋለሁ። ቡናው ወደ ታች ሲሰምጥ በማጥለያው አሳልፌ እቀዳለሁ። ሌላ ዕቃ ለሌለው ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። ጣዕሙ ከጀበና ብዙ አይርቅም፤ ደቃቁ አተላ ግን በማጥለያው ቀዳዳ ያመልጣል።

በጨርቅ ማጥለል ያሰብኩት ያኔ ነው። ከድሮ አንሶላ የተረፈ አቡጀዲ ነበረኝ። ስስ ሽቦ ጠምዝዤ ቀለበት አበጀሁ፣ አቡጀዲውን እንደ ሾጣጣ ከረጢት ሰፍቼ ቀለበቱ ላይ አዞርኩት፣ ስኒ አፍ ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው ቡና የአንሶላ ጣዕም ነበረው፤ ጨርቁን አስቀድሞ መቀቀል እንደሚገባ አላሰብኩም። ቀቀልኩት። የሚቀጥለው ጥሩ ሆነ። ሦስተኛው የሳሙና ጣዕም ነበረው፤ ንጽሕና ብዬ በሳሙና አሽቼ አጥቤው ነበር። ከዚያ ወዲህ በውሃ ብቻ አለቀልቀዋለሁ፣ ጥላ ሥር አሰጣዋለሁ። ጠይሟል፤ ይጠይም።

ቡናውን ወፍጮ ቤት ሄጄ፣ ተቆልቶ፣ ትንሽ ሻከር ብሎ እንዲፈጭልኝ አደርጋለሁ። በጣም ከደቀቀ ጨርቁን ይደፍነዋል። ብዙ አልገዛም፤ ሽታው ይሄዳል። ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት ስኒውን በሙቅ ውሃ አሞቀዋለሁ፣ አንድ ማንኪያ ከነቁልሉ ከረጢቱ ውስጥ አደርጋለሁ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ትንፋሽ እስኪሰበስብ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ቡናው እንዲርስ ያህል ብቻ ጠብ አደርጋለሁ። ያብጣል። ከዚያ ቀስ እያልኩ አፈሳለሁ። ጠርቶ ይወርዳል፤ የስኒው ሥር ይታያል። ደስ ብሎኝ እጠጣ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። መስኮቱን ብቻ ዘግቼ ነበር የማፈላው።

ቤት ውስጥ ስለማልቆላ አይታወቅብኝም ብዬ ነበር። ቅቤና ቅመም በማሽተት ስትለይ የኖረች ሴት አጥር ለአጥር እያለች እንዲህ ማሰቤ ይገርመኛል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ቡና ሸትቶ ሳይጠሩ መቅረት ከስድብ ይቆጠራል።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ወደቀች። ጠዋት ነው፤ ዝናብ ያራሰው የደጃፏ ደረጃ ላይ አዳልጧት ጉልበቷን መታች። አጥንቷ አልተሰበረም። ነገር ግን ብቻዋን መነሳት አቅቷት፣ ረፋድ ላይ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው መጥቶ እስኪያነሳት እዚያው ተቀምጣ ነበር። እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ የቡና ሰዓት ሳያልፍ አገኛት ነበር። እኔ ያን ጊዜ መስኮቴን ዘግቼ ስኒዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ልጇ እናቴ ከእንግዲህ ብቻዋን አትኖርም ያለው ከዚህ በኋላ ነው። አልፈርድበትም።

እሷ ግን እምቢ ብላው ነበር። ምን ያስቀርሻል ሲላት ምን እንደምትመልስ ልጁ ራሱ ግቢዬ ቆሞ ነገረኝ። «አጥር ማዶ ሰው አለኝ ትለኛለች» አለኝ። ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ነው እሷ በትንሿ በር ብቅ ብላ ከነስኒዬ ያየችኝ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ልጄ ለመሄድ ያነሳችውን ቦርሳ አስቀመጠች። አስታራቂ ሽማግሌ ልጥራ ወይ አለችኝ። ሁለት አሮጊቶች በአንድ ስኒ ቡና ተቀያይመው ሽማግሌ ሲቀመጥ ሰፈሩ ምን እንደሚል ነገርኳት። ሳቀች። «ታዲያ ራስሽ ሂጂያ» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከረጢቴን፣ ስኒዬንና በብርጭቆ ያለውን ቡናዬን በትንሽ ዘንቢል ይዤ ሄድኩ። ትንሿ በር እንደተሸጎረች ናት። በአስፋልቱ ዞሬ ዋናውን በሯን አንኳኳሁ። በዚያ በር ከገባሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ እንጃ። ከፈተችልኝ። በአክብሮት፣ በ«እርስዎ» ተቀበለችኝ።

«ይግቡ እመቤቴ። ምን ልታዘዝ?»

ገባሁ። ጀበናዋ ምድጃ ላይ ነበር፤ ትንሹን ነበር የጣደችው። ሳትጋብዘኝ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩና የመጣሁበትን ነገርኳት። ሐኪሙ ያለኝን፣ እንቅልፌን፣ ግፊቴን። በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

ቆማ ሰማችኝ። «እኔ እኮ አንዷ ነገር አመላልሳብኝ ነው ብዬ» አለች። «ሰፈሩን ሁሉ በልቤ ስከስ ከረምኩ። የወፍጮ ቤቷን ሴትዮማ ሰላምታ ነፈግኳት።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ታመሽ ነው እንግዲህ። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ለማን ትነግሪ ነበር?»

አሰበች። «ለሁሉም» አለች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ቀስ ብላ። ወደ «አንቺ» እንደተመለሰች ያየሁት በኋላ ነው።

ዘንቢሌን አይታ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። ከረጢቱን አውጥቼ አሳየኋት። በሁለት ጣት አንስታ ብርሃን ላይ ያዘችው።

«የማን ካልሲ ነው?»

«ቡና ማጥለያ ነው።»

«በካልሲ ቡና። የተማረ ሰው መቼም አይቸግረውም» አለች።

ውሃ ለመንኳት። ስኒዬን አሞቅኩ፣ ቡናዬን ጨመርኩ። አንዴ ከጠጣሁ በኋላ እሷ በረካ እስክትደርስ ባዶ ስኒ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሌላ መላ የለኝም አልኳት። ይህ አልተዋጠላትም። ባዶ ስኒ ይዞ ሰው ፊት መቀመጥ እሷ ቤት ታይቶ አይታወቅም። እጄን ያዘችኝ።

«ሁሉንም ውሃ ባንዴ አታፍስሺበት» አለች። «የስኒሽን ሲሶ አድርጊና አቁሚ።»

እንዳለችው አደረግኩ። ስኒው ሥር ጥቂት፣ ወፍራም ቡና ጠለለ። «ይሄ አቦልሽ ነው» አለችኝ። ጠጣሁት። የእሷም ጀበና ደርሶ ነበር፤ ቀድታ ጨው ጨመረችበት። እሷ በጀበናው ላይ ለቶና ውሃ ስትጨምር እኔም በዚያው ከረጢት፣ በዚያው አተላ ላይ፣ እንደገና ጥቂት ውሃ አፈሰስኩ። ቀለል ብሎ ወረደ። በመጨረሻም እንዲሁ። ሦስቱም ተደምሮ ከአንድ ስኒ አላለፈም። ሐኪሙም የፈቀደውን አገኘ፣ እኛም በረካ ደረስን። ይህን ያህል ጊዜ ከጨርቁ ጋር ስታገል ለእኔ አልታየኝም ነበር፤ እኔ የማስበው ለአንድ ሰው የሚፈላ ቡና ነበርና።

ስለ ቅዳሜ አላነሳሁም፣ እሷም አላነሳችም። ቃሏን ለልጇ ሰጥታለች፤ የሰጠችውን ቃል ስትመልስ አይቼ አላውቅም። ስወጣ ግን በአስፋልቱ ልዞር ስል ጠራችኝና የትንሿን በር መሸጎሪያ ሳበችው። ዝጎ ስለነበር ሁለታችን ተጋግዘን ነው ያስለቀቅነው።

በማግስቱ ተራው የእኔ ነበር። መጣች። ሻንጣዋን ማን እንደሚያስርላት፣ ምን ትታ ምን እንደምትወስድ አንዳችም ቃል አልተናገረችም። የምትናገር ሴት ዝም ስትል ይከብዳል። እኔም አልጠየቅኩም። ማታ ላይ አጥር ማዶ ዕቃ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ትሸክፍ ይሆን ብዬ ቆሜ አዳመጥኩ፤ አልለየሁትም።

ቅዳሜ ተራው የእሷ ነው። ዘንቢሌን ይዤ በትንሿ በር ገባሁ። ቤቷን ስቃኝ ሁሉም ባለበት ነው፤ ሻንጣ ግን በር ሥር ቆሟል። ተቀመጥኩ። አቦልን ጠጣን፤ ስለ ሽንኩርት አወራችኝ። ለቶና ውሃ ስጨምር መኪና ደጅ ቆመ።

ልጇ ገባ። እኔን ስሞ፣ እናቱን ስሞ፣ ሻንጣውን አየና ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

«ተወው፣ ተቀመጥ» አለችው። «ገና ቶና ነው።»

ተቀመጠ። ቀዳችለት። እሱ ከረጢቴን እያየ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እናቱ ካልሲ ነው አለችው። ጠጣ። ከዚያ ስኒውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ። በአክብሮት ነው የጠየቀኝ፣ ፊቱ ግን የተጨነቀ ሰው ፊት ነበር።

«እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱ። እንደዚያኛው ቀን ብትወድቅ ማን ያያታል?»

እናቱ አላጣደፈችኝም። ጀበናውን ይዛ ጠበቀች።

«ጠዋት አያታለሁ» አልኩት። «በየቀኑ። አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ። በቡና ሰዓት ካልመጣች በትንሿ በር እገባለሁ። ያን ሰሞን አልነበርኩም። አሁን አለሁ።»

ልጁ ወደ እናቱ ተመለከተ። ቅዳሜ ና ውሰደኝ ብለሽኛል አላት፣ ቀስ ብሎ። ብያለሁ አለች። ቃሌ ቃል ነው፣ ውሰደኝ፣ ቤትህንም ልጆችህንም አይቼ ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታመጣኛለህ አለችው። ሻንጣው ውስጥ ያለውም ለልጆቹ ያዘጋጀችው ቅቤና በሶ ነበር።

«ነገ ለምን?» አለ።

«ተራው የሷ ነዋ።»

ልጁ ደጅ ወጥቶ ያዳለጣትን ደረጃ በእግሩ ሲሞክር በመስኮቱ አየሁት። ሲሚንቶ ያስፈልገዋል እያለ ለራሱ ይናገራል። ጎረቤቴ በረካውን ቀዳች። እኔም የመጨረሻውን ውሃ አፈሰስኩ፣ እስኪጠል ጠበቅኩ፣ ጠጣሁት። ከረጢቴን በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩት፣ ጨመቅኩት፣ ስኒዬ ውስጥ አድርጌ ዘንቢሌን አነሳሁና በትንሿ በር ወጣሁ።